ትንሽ ሳሎን ለምታሳድሱ፦ መጀመሪያ ቡናው የት እንደሚፈላ ወስኑ

የኮንዶሚኒየም ሳሎን ያለው ሰው ነገሩን ያውቀዋል። የእኛ ወርዱ 3 ሜትር ከ20 ነው፣ ርዝመቱ 4 ሜትር። አምስት ሰው እንኖርበታለን፤ እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሁለቱ ልጆቻችንና እማዬ። እዚያው እንበላለን። ልጆቹ እዚያው የቤት ሥራ ይሠራሉ። ቡና እዚያው ይፈላል። ከክፍለ ሀገር ዘመድ ሲመጣ ፍራሽ የሚዘረጋው እዚያው ነው። በበዓል ቀንማ አይነሳ።

ሳሎኑን ካሳደስነው በኋላ የሚመጣ ሰው ሁሉ "የእናንተ ይሰፋል እንዴ?" ይለናል። አይሰፋም። ከጎረቤቶቻችን ጋር ልኩ አንድ ነው። ልዩነቱ የመጣው ከዕቃው በፊት ሰው የሚቀመጥበትንና ቡናው የሚፈላበትን ስለወሰንን ነው። ይህን የምጽፈው ቁልፍ ተረክባችሁ፣ ወይም በኖራችሁበት ቤት ተጨናንቃችሁ "ከየት ልጀምር?" ለምትሉ ነው። ዋጋ አልጠቅስም። የቁሳቁስ ዋጋ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ ከማገዝ ይልቅ ያሳስታችኋል።

ብዙ ሰው ቁልፍ እንደያዘ የሚሮጠው ወደ ሶፋ ቤት ነው። እኛ የጀመርነው በሜትርና በአሮጌ ካርቶን ነው። ዓይናችን ያረፈበትን ኤል ሼፕ ሶፋ ሱቅ ሄደን ለካነው። ካርቶን በልኩ ቆርጠን ወለሉ ላይ ዘረጋን። የቡፌውንም፣ የመሃል ጠረጴዛውንም እንዲሁ። ከዚያ እማዬን ጠራናት። ረከቦቷን ይዛ መጣች። በርጩማዋን አስቀምጣ ተቀመጠች። ጉልበቷ የቡፌውን ካርቶን ነካው። በኋላዋ በኩል ልጁ ለማለፍ ቢሞክር ካርቶኑን ረግጦ አለፈ። ቀና ብላ አየችኝና "ታዲያ ቡናው የት ሊፈላ ነው ልጄ?" አለችኝ። ሶፋውን የመግዛት ሐሳብ እዚያው ላይ ቀረ።

ስሌቱ ቀላል ነው። መደበኛ ሶፋ ከጀርባው እስከ ፊቱ 90 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይወስዳል። ቡፌ ደግሞ 50። ከ320 ላይ 140 ሲነሳ 180 ይቀራል። መሃል ላይ 60 ሳንቲ የሆነ ጠረጴዛ ካስገባችሁ ግራና ቀኙ 60፣ 60 ይሆናል። ሰው ትሪ ይዞ ሳይጋፋ እንዲያልፍ ከ75 ሳንቲ ያላነሰ መተላለፊያ ያስፈልገዋል። ስለዚህ ክፍሉ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያጨናንቃችኋል። ሱቅ ውስጥ ይህ አይታይም። ሱቁ ሰፊ አዳራሽ ነው፣ ጣሪያው ረጅም ነው፣ ሶፋው እዚያ ትንሽ መስሎ ነው የሚታየው። እባካችሁ ካርቶኑን ሳትዘረጉ ቀብድ አትክፈሉ።

መላው የመጣልኝ ከሐረር ነው። ጀጎል ውስጥ የቆዩ የሐረሪ ቤቶችን የጎበኘ ሰው ያስታውሳል። ጊዲር ጋር በሚባለው ዋናው ክፍል ውስጥ ሶፋም ወንበርም የለም። በግድግዳው ዙሪያ ነደባ የሚባሉ፣ ከፍታቸው የሚለያይ መደቦች አሉ። ምንጣፍና ትራስ ይነጠፍባቸዋል። ግድግዳው ውስጥ ዕቃ ማስቀመጫ የሚሆኑ ጎድጓዳ ቦታዎች ተሠርተዋል። ከዚያ በላይ ስፌቱና ሳህኑ ተሰቅሏል። ያን ያህል ሰው ተቀምጦ የክፍሉ መሃል ነፃ ነው። ማንም "ጠበበኝ" አይልም። አያቶቻችን በመደብ ላይ ተቀምጠው ያደጉበት ቤትም እኮ በዚሁ ሐሳብ የሚሠራ ነበር። እኔ በግሌ ለትንሽ ሳሎን ከዚህ የተሻለ አሠራር አላየሁም።

እኛ መደቡን በእንጨት አሠራነው። በረጅሙ ግድግዳ በኩል 3 ሜትር፣ ከመስኮቱ ሥር ደግሞ አጠር ያለ። ጥልቀቱ 60 ሳንቲ ብቻ ነው። ሣጥኑ 30 ሳንቲ ከፍታ አለው፣ በላዩ 12 ሳንቲ ስፖንጅ ተጨመረበት። ተቀምጣችሁ ጉልበታችሁ በደንብ ይታጠፋል፤ እንደ መጅሊስ መሬት አጠገብ ስላልሆነ ትልልቅ ሰዎች ለመነሣት አይቸገሩም። ለአንድ ሰው 60 ሳንቲ ብትሰጡት የ3 ሜትሩ 5 ሰው በምቾት ያስቀምጣል። ከፊት ለፊት ቡፌውን ትተን 30 ሳንቲ ጥልቀት ያለው መደርደሪያ አደረግን። ቲቪው ግድግዳ ላይ ወጣ። 320 ሲቀነስ 90፣ ቀሪው 230 ነው። ግማሽ ሜትር አተረፍን ማለት ነው። የእማዬ ረከቦት፣ ጀበናዋና በርጩማዋ የሰፈሩት በዚያ ግማሽ ሜትር ላይ ነው።

ስፖንጁ ላይ አትሰስቱ። ለስላሳው ሲነኩት ደስ ይላል፣ ግን ቶሎ ይሰምጣል። ጠንከር ያለውን ምረጡ። ስትገዙ በጉልበታችሁ ተጭናችሁ ልቀቁት። ወዲያው ወደ ቦታው ካልተመለሰ ተዉት።

አናጺውን በዕድሜ ገፋ ያሉ፣ ሥራቸውን የሚወዱ ሰው አገኘን። ባሕር ዛፍ እንዲያደርጉት ስንጠይቃቸው ጣውላውን አንስተው በአንድ ዓይናቸው በርዝመቱ አዩት። "ይሄ ገና እርጥብ ነው። ዛሬ ቀጥ ይላል፣ በጋ ሲገባ ይጣመማል" አሉን። ባሕር ዛፍ በደንብ ካልደረቀ በእርግጥም ይጣመማል፣ ይሰነጠቃልም። ዋንዛ ሸጋ ነው፣ ዋጋው ግን አይቀመስም። በመጨረሻ እግሩና ማዕቀፉ ከደረቀ ጣውላ፣ ክዳኑ ከኮምፔርሳቶ ሆነ። ኤምዲኤፍን (ከእንጨት ብናኝ ተጨምቆ የሚሠራውን ሰሌዳ) ለመቀመጫው ያልመረጥነው በአንድ ምክንያት ነው፤ እኛ ቤት ወለል የሚታጠበው ውሃ ተደፍቶበት ነው። ኤምዲኤፍ ከሥሩ ውሃ ከጠጣ ያብጣል፣ አብጦም አይመለስም። ኤምዲኤፍ ከሆነ የምታሠሩት ከወለሉ 10 ሳንቲ ያህል ከፍ የሚያደርግ የብረት ወይም የፕላስቲክ እግር ይኑረው። እንዲህ ከሆነ መጥረጊያውም ሥሩ ይገባል።

ከክዳኑ ሥር ያለው ሣጥን ብርድ ልብስ፣ ጋቢ፣ ትርፍ ፍራሽና የልጆቹን መጫወቻ ዋጠ። ከጀርባውና ከጎኑ ትንንሽ ቀዳዳዎች ይኑሩት። አየር ካላገኘ በክረምት ልብሱ ይሸታል።

ይህ ሁሉ ከመምጣቱ በፊት ግን ግድግዳው አለ። ስለ ግድግዳ በደንብ ልናገር፤ ገንዘብ የሚያባክነው እዚህ ነውና።

እኛ ጋ ከመስኮቱ ሥር ቀለሙ እንደ ፊኛ ተነፍቶ ይረግፍ ነበር። ቀለም ቀቢዎች ሁሉ "ፍቀን እንቀባዋለን" ነው የሚሉት። እርጥብ ግድግዳ ላይ የሚቀባ ቀለም ግን የትኛውም ዓይነት ቢሆን አይቆይም። ውሃው መውጫ ይፈልጋልና ቀለሙን ገፍቶ ይወጣል። ግድግዳችሁ እርጥብ መሆኑን ለማወቅ ግልጽ ፕላስቲክ ወስዳችሁ አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር ለጥፉበት። ቀን ከሌሊት ተዉት። ከፕላስቲኩ ጀርባ፣ በግድግዳው በኩል ጠብታ ከታየ ውሃው ከውስጥ እየመጣ ነው። በክፍሉ በኩል ብቻ ከሆነ ደግሞ ችግሩ የአየር መዘዋወር ነው፤ መስኮት መክፈት ያሻዋል።

የእኛ ከውጭ የሚገባ ነበር። መስኮቱ ከግድግዳው ጋር በሚገናኝበት ቦታ ልስኑ ተሰንጥቋል። ዝናብ ሲመታው ውሃው በስንጥቁ ገብቶ ከመስኮቱ ሥር ይወርዳል። ስንጥቁ ተከፍቶ ተሞላ፣ ዙሪያውን የውጭ ሲሊኮን ተደረገበት፣ የመስኮቱ ደፍም ውሃ ወደ ውጭ እንዲያፈስ ዘንበል ተደርጎ ተሠራ። የብረቱ ፍሬም ዝገቱ ተፍቆ አንቲራስት የሚባለው ዝገት መከላከያ ቀለም ከተቀባ በኋላ ነው ዘይት ቀለም የተቀባው። ይህን ሥራ በበጋ ሥሩት። ከሰኔ በፊት ካለቀ ክረምቱ ራሱ ይፈትነዋል። አዲስ ልስን ካስለሰናችሁም አትቸኩሉ። ሲሚንቶ ጥንካሬውን እስኪይዝ 28 ቀን ያህል ይፈልጋል። የላይኛው ፎቅ ላይ የምትኖሩ ደግሞ ጣሪያችሁን ሳታዩ ኮርኒስ አታሠሩ።

ቀጥሎ መብራት ነው። ግድግዳ ከመቀባቱ በፊት ቡና የሚፈላበት ጥግ ላይ ሶኬት አስገባን። እማዬ በከሰል ነው የምትወደው፣ ግን በኤሌክትሪክ ምድጃ የምታፈላበት ቀን ይበዛል። 2000 ዋት ምድጃ በ220 ቮልት 9 አምፔር ገደማ ይስባል። ይህ በቀጭን ኤክስቴንሽን የሚሠራ ነገር አይደለም፤ ገመዱ ይግላል። ለሶኬት 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር፣ ለአምፖል 1.5 ሽቦ አስደርጉ። ሽቦው ሲገባ ቆማችሁ እዩ።

ጥጉን ከመስኮቱ አጠገብ ያደረግነው ለእይታ ብለን አይደለም። ከሰል በተዘጋ ትንሽ ክፍል ውስጥ ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። አይታይም፣ አይሸትም፣ ሰው ይገድላል። ብርድ ነው ብላችሁ መስኮት ዘግታችሁ ከሰል አታቀጣጥሉ። ከሰሉ እየነደደ ትታችሁ እዚያው አትተኙ። ይህን የምለው ከልቤ ነው።

ወለሉን ሴራሚክ አደረግነው። እንጨት መሳዩን ላሚኔትም፣ የፕላስቲኩን ፒቪሲም ተመልክተናል። ላሚኔት እግር ላይ ሞቅ ይላል፣ ያምራልም፣ ግን እርጥብ ቄጠማ ሲጎዘጎዝበትና ውሃ ሲደፋበት በመገጣጠሚያው ይጠጣል። ጥቅልሉ ፒቪሲ አንድ ፍም ሲወድቅበት ይቀልጣል። ቡና የሚፈላበት ቤት ሴራሚክ ይሻለዋል ባይ ነኝ። ብርዱን ደግሞ ምንጣፍ ይችለዋል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ማታ ማታ ሴራሚክ ላይ ባዶ እግር መቆም ይከብዳል። ምንጣፉን በመቀመጫው በኩል ብቻ አንጥፉ። የቡናው ጥግ ባዶ ይቅር።

ስትገዙ እንዲህ አስሉ። የእኛ 3.2 በ4 ሲባዛ 12.8 ካሬ ነው። ለቁርጥራጭ 10 በመቶ ሲጨመር 14 ካሬ ገደማ ይሆናል። ባለ 60 በ60 ሴራሚክ አንድ ካርቶን 4 ፍሬ፣ ማለትም 1.44 ካሬ ይይዛል። ስለዚህ 10 ካርቶን። ሁሉም ካርቶን ላይ የተጻፈው የምርት ቁጥር አንድ መሆኑን አረጋግጡ፤ የተለያየ ከሆነ ቀለሙ ትንሽ ይለያያል፣ ከተነጠፈ በኋላ ነው የሚታወቀው። ትንሽ ክፍል ውስጥ ትልቅ ሴራሚክ ይሻላል። መስመሩ ስለሚቀንስ ወለሉ አይቆራረጥም።

አንድ የሴራሚክ ሠራተኛ ሥራውን ጨርሻለሁ ብሎ ሙሉ ሒሳብ ጠየቀን። ባለቤቴ ሳንቲም ይዞ ወለሉን እያንኳኳ ዞረ። ብዙዎቹ ደህና ድምፅ ነበራቸው። በበሩ በኩል ያሉት ግን "ኳ፣ ኳ" ሲሉ ባዶነታቸው በጆሮ ይታወቃል። ከሥራቸው ሲሚንቶ በደንብ አልገባም ማለት ነው። እንዲህ ያለ ሴራሚክ ከባድ ነገር ሲወድቅበት ይሰበራል። ሰውየው ብዙ ተከራክሮ በመጨረሻ አንስቶ ደግሞ አነጠፈው። የቀረ ሒሳብ እጃችን ላይ ባይኖር ኖሮ አይመለስም ነበር። በቁርጥ ስትዋዋሉ ክፍያውን በየደረጃው አድርጉት። የመጨረሻውን የምትከፍሉት አንኳኩታችሁ፣ ውሃ ልክ አስቀምጣችሁ ካያችሁ በኋላ ይሁን።

ቀለም ላይ ምክሬ አጭር ነው። ግድግዳውና ኮርኒሱ በአንድ ዓይነት ፈካ ያለ ቀለም ይቀቡ። ድንበራቸው ሲጠፋ ጣሪያው ከፍ ይላል። ድፍን ነጭ አይሁን፣ በክረምት ይቀዘቅዛል፤ ወደ ክሬም የሚጠጋ ይሁን። ከሱቅ ካታሎግ አትምረጡ። ትንሽ ገዝታችሁ ግድግዳው ላይ ሰፋ አድርጋችሁ ቀቡና ጠዋትም ማታም በአምፖል እዩት። ልጆች ካሉ ሊታጠብ የሚችል ፕላስቲክ ቀለም ግዴታ ነው። ስቱኮው በብርጭቆ ወረቀት በደንብ ይታሽ፤ ማታ መብራት ከጎን ሲመታው ጉብታው ሁሉ ይታያል። ለመጠኑ ደግሞ አንድ ሊትር ለአንድ ዙር 10 ካሬ ገደማ ይሸፍናል። የእኛ ግድግዳ በርና መስኮቱ ተቀንሶ 32 ካሬ ሲሆን፣ ለሁለት ዙር ስድስት ተኩል ሊትር ያህል በቃው። ሠራተኛው ከዚህ በጣም የራቀ ቁጥር ከነገራችሁ ጠይቁት።

አንዲት አምፖል መሃል ጣሪያ ላይ ብቻ ስትሆን ክፍሉ ጥጉ ጨለማ፣ መሃሉ ደማቅ ይሆንና ያንሳል። መሃሉን ትተን ሦስት ቦታ አከፋፈልነው፤ መደርደሪያው ላይ፣ መደቡ ጫፍ ላይ፣ የቡናው ጥግ ላይ። አምፖል ስትገዙ ማሸጊያው ላይ 3000 ኬልቪን የሚለውን ፈልጉ። ወርቃማ ነው፣ ፊት ያሳምራል። 6500 የሚለው ለሥራ ቦታ ነው፣ ሳሎንን ክሊኒክ ያስመስለዋል።

መጋረጃ ከሽሮ ሜዳ የገዛሁት በእጅ የተሸመነ ጨርቅ ነው፣ ጠርዙ ላይ ቀጭን ጥለት ያለው። ዘንጉን ከመስኮቱ ራስ ላይ ሳይሆን ከጣሪያው 10 ሳንቲ ዝቅ አድርገን ሰቀልነው። በግራና በቀኝም ከመስኮቱ 20 ሳንቲ እንዲያልፍ አደረግን። ሲከፈት ጨርቁ ግድግዳው ላይ ያርፋል፣ ብርሃኑን አይሸፍንም። ሳሎኑን በዓይን ካሰፉት ነገሮች አንዱ ይህ ነው፤ ወጪውም ቀላል ነው። የእጅ ሥራ ጥጥ ሲታጠብ ያጥራል። ከመሰፋቱ በፊት እጠቡት። ደማቅ ቀለም ያለውን ደግሞ ፀሐይ በሚመታው መስኮት ላይ አትስቀሉ፣ ይገረጣል።

ግድግዳውን በዕቃ አትሙሉት። እኛ አንዱን ግድግዳ ለእማዬ ስፌቶች ሰጠነው፣ ሌሎቹ ባዶ ናቸው። ስፌት ቀላል ነው፣ በአንዲት ሚስማር ይሰቀላል። ከባድ ነገር ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ብሎኬት ውስጡ ባዶ ስለሆነ አጭር ፊሸር (ብሎን የሚይዘው የፕላስቲክ ሶኬት መሳይ) ይነቀላል። የቲቪ ማንጠልጠያ ስትገጥሙ ረጅምና ለብሎኬት የሚሆነውን ተጠቀሙ። መደርደሪያው ሸክሙን ወለሉ ላይ ይጣል፣ ከላይ ግን ግድግዳው ጋር ይያዝ። ልጆች ይንጠለጠሉበታል።

ግድግዳ አፍርሶ ኩሽናና ሳሎን ማገናኘት የሚያምራችሁ ካላችሁ አስቀድማችሁ መሐንዲስ አሳዩ፣ ማኅበራችሁንም ጠይቁ። ምሰሶና ቋሚ፣ እንዲሁም የውጭው ግድግዳ የእናንተ ብቻ አይደለም። የጋራ ሕንፃ ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 የጋራና የግል የሆነውን ለይቶ ያስቀምጣል። መሰርሰሪያ የምታስነሱበትን ሰዓትም ለጎረቤት ንገሩ። ከታች አራስ ልትኖር ትችላለች።

ተከራይ የሆናችሁ "እኛስ?" ትሉ ይሆናል። ሴራሚኩን ተዉት፣ የሌላ ሰው ወለል ነው። መደቡን ግን ተንቀሳቃሽ አድርጋችሁ፣ እያንዳንዱ ሣጥን አንድ ሜትር ሆኖ ተከፋፍሎ እንዲሠራ እዘዙ። ስትለቁ በፒክአፕ ይጫናል፣ በሚቀጥለው ቤት ልክ ይደረደራል። አምፖሉንም መጋረጃውንም ይዛችሁ ትሄዳላችሁ። ቀለም መቀባት ካስፈለገ ከመቀባታችሁ በፊት ቀለሙን ለአከራያችሁ አሳዩ፣ ወጪው ከኪራይ የሚቀነስ ከሆነም በጽሑፍ ተፈራረሙ።